አሸንፈሃል አሉኝ

የመጨረሻ ግጥሚያዬን ማሸነፌን የሰማሁት ሊማሊሞ ላይ፣ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው። ግጥሚያው የተካሄደው ከአንድ ቀን በፊት ጎንደር ከተማ ነበር፤ የገጠመውም እኔው ራሴ ነበርኩ። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ይሳቅ፤ እኔም በደህናው ቀን እስቃለሁ። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ግን እናንተም እንደ እኔ ግራ ተጋብታችሁ ትቀራላችሁ።

ስሜ ኑሩ ነው። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ጎንደር አራዳ ውስጥ አባቴ የተወላትን የጨርቅ ሱቅ ትነግዳለች፣ እኔ ደግሞ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። አባቴ የሞተው በልጅነቴ ነው፤ እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ሳይሆን፣ በኋላ ያደረገችውን ስትሰሙ ቶሎ እንዳትፈርዱባት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መቀሱን አስቀምጬ ወደ ማስተር ታዴ እሮጣለሁ። በእኛ አገር የማርሻል አርት አስተማሪ ሁሉ "ማስተር" ነው የሚባለው። የእኛው ማስተር አሮጌ የእህል መጋዘን ተከራይቶ፣ ጭድ የተሞላ ጆንያ አንጥፎ ያሠለጥነን ነበር። የምንገጥመው ቅይጡን ነው፤ ቦክስ፣ ቴኳንዶና ትግል የተቀላቀሉበትን። በእጅም በእግርም ይመታል፣ መሬት ከተወደቀ በኋላም ይቀጠላል። መጀመሪያ ያየነው ቪዲዮ ቤት ነው። ጣት የሌለውን ጓንት ከቦርሳ ሰፊዎች በለመንኩት ቁራጭ ቆዳ እኔው ሰፋሁት፤ የጥርስ መከላከያችንን ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቆረጥነው።

ሕጉ ብዙ አልነበረም። አንዱ ግን እንደ ሃይማኖት ይጠበቅ ነበር፤ ክንዱ ወይም አንገቱ የተያዘበት ሰው በመዳፉ መታ መታ ካደረገ "በቃኝ" ማለት ነውና ወዲያው ይለቀቃል። ማስተር ታዴ "መታ መታ ካደረገ በኋላ የቆየህበት እንደሆነ ተጋጣሚ ሳትሆን ወንበዴ ነህ" ይለን ነበር። እኔ በዚህ የታወቅሁ ነበርኩ። ገና እጁ ሲነሣ ነው የምለቀው። በሌላው በሌላው ግን ጉረኛ ነበርኩ፤ አንድም ሰው ጥሎኝ ስለማያውቅ የሚጥለኝ ያልተወለደ ይመስለኝ ነበር። እናቴ አንድም ቀን መጥታ አይታኝ አታውቅም። ከግጥሚያ ስመለስ ፊቴን በእጇ ይዛ ወደ ብርሃን ታዞርና ትለቀኛለች።

ያ እሑድ ከሌላው ሁሉ ይለያል። ያሸነፈው ሐሙስ ከማስተር ታዴ ጋር አዲስ አበባ ሄዶ ከየአገሩ ከተመረጡት ጋር ይገጥማል። ስለዚህች ቀን ስንት ዓመት አልሜ ነበር። ተጋጣሚዬ ጌጡ የሚባል የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፤ በትግል የሚችለው የለም። ጠብ አልነበረንም፤ እንዲያውም ከግጥሚያው በፊት ሻይ አብረን ጠጥተን ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል። በመጀመሪያው ዙር እኔ በእርግጫ እያራቅሁት፣ እሱ ሊይዘኝ እየመጣ ተላለፍን። ዕረፍት ላይ ማስተር ታዴ ፊቴ ላይ ውሃ ደፋብኝ። ውሃው ከአገጬ ወደ ደረቴ ሲወርድ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ደወሉ ተደወለ።

ከዚያ አፌ ውስጥ ብስኩት አገኘሁ።

እያኘክሁት ነው። ፀሐይ ፊት ለፊቴ ታበራለች፤ በስተግራዬ ገደል፣ በስተቀኜ ድንጋይ። የለበስኩት ካፖርት የእኔ አይደለም። ከመሪው ጋር የሚታገለው የእናቴ ወንድም አያ ኢድሪስ ነው። ብስኩቱን ማን እንደ ሰጠኝ፣ መቼ እንደ ነከስኩት አላውቅም። መዋጥ እንኳ ፈራሁ።

"ወዴት ነው የምንሄደው?" አልኩት።

"ዛሪማ።"

"ምነው?"

አያ ኢድሪስ ሳቀ፣ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። "አንት ልጅ፣ ስንቴ ልንገርህ? ደባርቅ ላይ ብቻ ሦስቴ ነገርሁህ እኮ! ጨርቅ አራግፈን እንመለሳለን።"

ሊማሊሞ መሆናችን ያኔ ገባኝ። ጎንደርን ለቅቄ፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፌ፣ ሰዎች አናግሬ፣ ብስኩት እየበላሁ መጥቻለሁ ማለት ነው። ያን ሁሉ ያደረገው ማነው? አገጬን ነካሁት፤ አብጧል። ራሴ ከውስጥ እንደሚንኳኳ በር ይመታል።

"ግጥሚያውስ?" አልኩ።

"አሸንፈሃል።"

"እኔ?"

"ታዲያ እኔ ልሁን? ክንዱን ጠምዝዘህ ይዘህ አሸነፍህ አሉ። ሰው ተሸክሞ ነው ቤት ያደረሰህ። ምን ይህ ብቻ፣ ትናንት ከመግሪብ እስከ ኢሻ 'አሸነፍሁ ወይ?' እያልህ ቤቱን ስታምስ አመሸህ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስታው ግን የሰው ደስታ ሆነብኝ፤ ጎረቤት ልጁን ዳረ ሲሉኝ ደስ እንደሚለኝ ያህል ብቻ። ቢሆንም "እንግዲያው ሐሙስ አዲስ አበባ ነኝ" አልኩ።

አያ ኢድሪስ ሁለት ጠመዝማዛ አለፈ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "ለእናትህ ምለህላታል እኮ" አለኝ። "ትናንት ማታ። ወላሂ ከእንግዲህ አልገጥምም ብለህ።"

እኛ ቤት መሐላ ቀልድ አይደለም። አባቴ "በወላሂ የሸጥሁት ጨርቅ የለም" ይል እንደ ነበር እናቴ ትነግረኛለች። ሕልሜን በገዛ አፌ ሽጬዋለሁ፣ መሸጤን ግን አላውቅም። ማን ቢሆን ግራ የማይገባው?

ዛሪማ ስንደርስ ቆላው እንደ ምድጃ ያቃጥላል። አያ ኢድሪስ ጣቃውን አስወርዶ ደንበኛው ደጅ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። ቀስ ብዬ "መቼ እንመለሳለን?" አልኩት። "ቅዳሜ፣ ገበያውን ውለን" አለኝ። ቅዳሜ! ሐሙስ ያኔ አልፏል፤ ማስተር ታዴ ሌላ ሰው ይዞ ሄዷል። ነገሩ ደስ አላለኝም። ጨርቅ አራግፎ በማግስቱ የሚመለስ ሰው ነው፤ ስንት ጊዜ አብሬው ሄጃለሁ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ያዝኩት። "አያ፣ እውነቱን ንገረኝ። እኔ ምንም አላስታውስም። ከደወሉ በኋላ ያለው ቀን በሙሉ የለኝም። የማላስታውሰው መሐላ ያስረኛል?"

ጢሙን አሻሸ። ሊዋሸኝ ፈልጎ እንደ ነበር ፊቱ ይናገራል፤ ሶላት ሰግዶ የወጣ ሰው ግን ወዲያው መዋሸት ይከብደዋል። "አእምሮው የሌለ ሰው መሐላ አይያዝበትም ሲሉ ሰምቻለሁ" አለ። ወዲያውም ጸጸተው። "ግን አእምሮህ እንዳልነበረ ማን ያውቃል? ትበላ ነበር፣ ትናገር ነበር፣ ስሜን ትጠራ ነበር።"

"አልነበረም! ወላሂ አልነበረም!"

"አየህ፣ ይህን መሐላህንስ የቱን አድርጌ ልያዝ?" አለኝና ተነሣ። ዛሪማ ላይ አደርን። በማግስቱ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ እግሬን ነቀነቀኝ። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ዓይኑ ይመሰክራል። "ተነሥ። የሰው መሐላ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገበያ አልውልም። አምባ ጊዮርጊስ አቆምልሃለሁ፤ ያን የገጠምኸውን ልጅ ጠይቀው። ከእሱ የተሻለ ምስክር የለህም። አእምሮህ ነበረ ካለህ መሐላህን ጠብቅ፤ አልነበረም ካለህ ከእናትህ ጋር ተነጋገር።"

የአምባ ጊዮርጊስ ደጋ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ማኪናውን መንገድ ዳር ትተን፣ በደረሰ ገብስ መካከል ትንሽ ተጉዘን እነጌጡ ቤት ደረስን። ጌጡ ደጅ መደብ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ ክንዱ በሸምበቆ ተሰንጎ በጨርቅ ከአንገቱ ታስሯል። እንደዚያ ሆኖ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ማንም አልነገረኝም።

ሊነሣ ሞከረ። "ኑሩ! አገጭህ ደኅና ነው?" አለኝ።

የሚሰድበኝ ቢሆን በተሻለ። አባቱ አያ ፈንቴ ከጎተራው ጀርባ ወጡ፤ ሰላምታቸው አጭር ነበር። እስላም መሆናችንን አውቀው ጠላውን ትተው ቆሎና ውሃ አስቀረቡልን። ቆሎውን ይዤ፣ መብላትም መመለስም አቅቶኝ ተቀመጥኩ።

"ጌጡ፣ አትፍረድብኝና ምንም አላስታውስም" አልኩት። "ንገረኝ እስቲ። ሁለተኛው ዙር ላይ ምን ሆነ?"

ጌጡ ወደ አባቱ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ። "ልትገባብኝ ጎንበስ ስትል በጉልበቴ አገጭህን አገኘሁህ። ዓይንህ ነጭ ሆነ። ወደቅህና ብድግ አልህ። ያለቀ መስሎኝ ቆም አልሁ። ያን ጊዜ ገብተህ ጣልኸኝ፣ ክንዴን ያዝህ።"

"ከዚያስ?"

"መታ መታ አደረግሁ።"

የያዝኩትን ቆሎ መልሼ አስቀመጥኩት።

"አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። አልለቀቅህም። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ዳኛውና ማስተርህ ሁለት ሆነው ነው ያላቀቁህ። ከዚያ አቀፍኸኝና 'ስምህ ማነው?' አልኸኝ። ጌጡ አልሁህ። 'ጌጡ ማን?' አልህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አብረን ሻይ የጠጣን ሰዎች ነን እኮ!" ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ፣ "ፊትህን አይቼዋለሁ። አልነበርህም" አለ።

አሁን የምጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን ካልጻፍኩት ይህን ሁሉ ማውራቴ ከንቱ ነው። ደስ አለኝ። የሰው ክንድ ፊቴ በሸምበቆ ታስሮ እያየሁ፣ "አልነበርህም" ያለውን ቃል ሳምኩት ማለት ይቻላል። አያ ኢድሪስን በክርኔ ጎሸም አድርጌ "ይኸው ምስክር!" አልኩት። ወደ አባቱም ዞሬ፣ "አያ፣ እግዜር ይማረው፣ እጅግ አዝኛለሁ። ግን እንደ ሰማችሁት አእምሮዬ አልነበረም። ያደረግሁት እኔ አይደለሁም" አልኳቸው። ለእናቴ መማሌንም፣ መሐላው እንደማይያዝብኝም እንደ ሕፃን ተቻኩዬ ነገርኳቸው።

አያ ፈንቴ አንዲት የገብስ ዘለላ በመዳፋቸው እያሹ አዳመጡኝ። "ሸጋ" አሉ። "የልጄን ክንድ የሰበርኸው አንተ አይደለህም።"

"አዎ፣ አያ።"

"ለእናትህ የማለውም አንተ አይደለህም።"

"አይደለሁም።"

"ያሸነፈውስ?"

ወደ አያ ኢድሪስ ዞርኩ፤ እሱ ቆሎ ይቆረጥማል።

"ሐሙስ አዲስ አበባ የሚሄደው የትኛው ነው?" አሉኝ። እየቀለዱብኝ አልነበረም። የምር ሊያውቁ የፈለጉ ይመስላሉ። እኔም የምር አላውቀውም ነበር።

አያ ኢድሪስ ተነሥቶ እንደ ሽማግሌ ወጉን ያዘ፤ ጉዳቱ ያሳዝናል፣ ወገን ነን፣ ካሳውን ንገሩን አለ። አያ ፈንቴ የታሸውን ገብስ እፍ ብለው ገለባውን አበረሩት። "ካሳ አልሁህ እንዴ? ገብሱ ደርሷል፣ ሐሙስ ደቦ ጠርቻለሁ። አንድ ቀኝ እጅ ጎድሎብኛል።" ና አላሉኝም፣ አትምጣም አላሉኝም።

ጎንደር ስንደርስ አመሻሽ ነው። እናቴ ሱቁን ልትዘጋ ጣቃ ታጥፋለች። ስታየኝ ፊቷ ላይ መጀመሪያ የመጣው ደስታ ሳይሆን ድንጋጤ ነበር። "ምነው ቶሎ?" አለች ወደ ወንድሟ እያየች። አያ ኢድሪስ ወደ መሬት አየ። ያኔ ነው ሁሉም ግልጽ የሆነልኝ፤ ዛሪማ የተላክሁት ሐሙስ እስኪያልፍ ነው።

"እማ፣ ማልሁልሽ ወይ?"

"ማልህልኝ።"

"እንግዲያው አንቺም 'ወላሂ ምለህልኛል' በይኝ። አምንሻለሁ።"

የያዘችውን ጣቃ አጠፈች። ፈታችና እንደገና አጠፈች። "ምነው እንዲህ ታፋጥጠኛለህ?" አለች። ጠበቅኋት። በሕይወቴ እናቴን እንደዚያ አስጨንቄያት አላውቅም።

"አልማልህም" አለች በመጨረሻ። ቁጭ አለች። "አሸነፍሁ ወይ አልኸኝ፤ አሸነፍህ አልሁህ። ሳቅህ። ትንሽ ቆይተህ እንደገና አሸነፍሁ ወይ? አሁንም እንደ አዲስ ትስቃለህ። እንዲህ እያልህ ስንት ጊዜ! ልጄ ከፊቴ ተቀምጦ ልጄ የለም። አያርገውና እንዲህ ሆኖ ቢቀርስ? በመጨረሻ ስትጠይቀኝ፣ 'አሸንፈሃል፤ ከእንግዲህ አልገጥምም ብለህም ምለህልኛል' አልሁህ። 'እሺ' አልኸኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ 'እሺ' ስትል ደስ አለኝ።" እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "አሁን ነጻ ነህ። ሂድ ከፈለግህ። እኔ ለዋሸሁት ሦስት ቀን እጾማለሁ።"

ልቆጣት ፈለግሁ፤ ቁጣው ግን የት እንደሚያርፍ ጠፋኝ። እኔም ቀን ላይ በአንድ ደስታ አፍሬ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ማስተር ታዴ ሱቅ ድረስ መጣ። ትከሻዬን አቅፎ "አንበሳዬ!" አለኝ። የአውቶቡስ ቲኬቱን አሳየኝ። የማስታወስ ነገሬን በጥቂቱ ነገርኩት። "ይህ ያልደረሰበት ተጋጣሚ የለም፣ በእንቅልፍ ይለቃል። ራስ የማይመታበት ስፖርት ከፈለግህ ዳማ ተጫወት" ብሎ ሳቀ። የጌጡን ክንድ ሳነሣበት ሳቁ ቆመ። "አዝኛለሁ፤ ግን ዳኛው ያነሣው ያንተን እጅ ነው። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም እንደ እኔ ለዓመታት የጠበቃት ቀን ናት።

እንግዲህ ሁሉ ተመቸኝ። መሐላ የለብኝም፤ ድሉ የእኔ ነው ተብሏል፤ ቲኬቱም ተቆርጧል። የአያ ፈንቴን ጥያቄ ከራሴ ለማስወጣት እያፏጨሁ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥቼ ስፌቴን ያዝኩ። ከሰዓት በኋላ እናቴን አየኋት፤ ከንፈሯ ደርቋል።

"እማ፣ ምነው ምሳ አልበላሽም?"

"ጾም ነኝ ልጄ" አለች፣ ለደንበኛ ጨርቅ እየለካች።

"በረቡዕ? ምን ጾም?"

"ለዋሸሁት እየጾምሁ ነው።"

ክፉኛ ያስደነገጠኝ መልሱ አይደለም። አመላለሷ ነው። አላዘነችም፣ አልተገረመችም፤ ደጋግማ የተናገረችውን ነገር እንደገና እንደምትናገር ሰው ነበር ድምፅዋ። ደንበኛዋ ሴትዮ በሐዘን ዓይን ታየኛለች።

"እማ፣ ይህን ቀደም ብዬ ጠይቄሻለሁ?"

መቀሱን ጨርቁ ውስጥ አስገባች፣ ቆረጠች።

"ስንት ጊዜ?"

"አትቁጠር ልጄ" አለችኝ።

ሮጬ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ከላይ ጓንቴ አለ። ከሥሩ የሱቁ ትልቁ መቀስ፣ አንድ እጀታው ያልተሰፋ የተማሪ ሸሚዝ፣ የእናቴ አንድ እግር ጫማ። እነዚህን ማን ከተታቸው? እያፏጨሁ ያዘጋጀሁት ሻንጣ ነው እኮ! መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በዚህ ራስ ነው ለመደብደብ የምሄደው? በዚህ እጅ ነው ሌላ ሰው ክንድ የምይዘው? መታ መታ ቢያደርግ እሰማዋለሁ? አለቀስኩ። ስገጥም አልቅሼ አላውቅም።

እናቴ ደንበኛዋን ሸኝታ አጠገቤ ቁጭ አለች። እጇን ያዝኩና "እማ፣ ወላሂ ከእንግዲህ..." ስል አፌን በመዳፏ ዘጋችው።

"አሁን አትማል። የዛሬን ቃልህን አልቀበልም። እደርና ነገ ስትነሣ ካስታወስኸው ያን ጊዜ ማልልኝ። ካላስታወስኸው አላስታውስህም፤ በአላህ ፊት እነግርሃለሁ፣ ሁለተኛ አልዋሽህም። አውቶቡስህን ትሳፈራለህ።"

ሐሙስ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነቃሁ። መጀመሪያ ያየሁት እናቴን ነው፤ በሩ ላይ ቆማለች። አትናገርም። ፊቷን ልትደብቅ ብትሞክርም አልቻለችም። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ራሴን ፈለግሁ፤ እሑድ፣ ብስኩት፣ ሸምበቆ፣ የገብስ ዘለላ፣ መቀስ፣ የእናቴ መዳፍ አፌ ላይ። ነበሩ፤ ሁሉም ነበሩ።

"እማ" አልኩ። "ወላሂ ከእንግዲህ አልገጥምም።"

በሩን ይዛ ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

መናኸሪያ ማስተር ታዴን አገኘሁት። ሻንጣ አለመያዜን አይቶ ሁሉ ገባው። ሁለተኛው ዙር የእኔ እንዳልሆነ፣ ጌጡ መታ መታ ሲያደርግ እንዳልለቀቅሁት ነገርኩት። "አይቻለሁ" አለኝ በዝቅተኛ ድምፅ። "ያላቀቅሁህ እኔ ነኝ።" የእኔን ቲኬት በእጁ እንደ ያዘ ብቻውን ተሳፈረ። እኔ ወደ አምባ ጊዮርጊሱ አውቶቡስ ተሻገርኩ።

ደቦው ላይ ደርሼ ማጭድ ያዝኩ። ልብስ ሰፊ ገብስ ሲያጭድ አይታችሁ ካላወቃችሁ ብዙ አልቀረባችሁም። ሌሎቹ እየዘፈኑ ራቅ ብለው ሲሄዱ እኔ በአንድ ትልም ላይ ቆሜ ቀረሁ። አያ ፈንቴ "ይኸ ልጅ እያጨደ ነው ወይስ እየለካ?" ብለው አገሩን አሳቁት። ጌጡ በግራ እጁ ነዶ እየሰበሰበ፣ እንባው እስኪወጣ ሳቀብኝ። ማታ እጄ ሁሉ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ አሁንም አልተሻለኝም።

በሳምንቱ እናቴ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት ቢደርስብኝ ኖሮ መሞትም ነበረ አለኝ። ስለዚህ እናንተ ልጆቻችሁን ለዚህ ስፖርት የምትልኩ ወገኖቼ፣ ከግጥሚያ የወጣ ሰው አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ከጠየቃችሁ አትሳቁ። አየር ይለውጥ ብላችሁ ገደል ለገደል አታንከራቱት። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እናቴ በምትችለው አዳነችኝ፤ የዋሸችው ውሸት ግን እስከ ዛሬ እሷን ያማታል።

በዚህ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ከዓመታት በኋላ አንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ያን ግጥሚያ ቀርጾት ኖሮ በፍላሽ አምጥቶ ሰጠኝ። ብዙ ቀን አስቀመጥኩት፤ በመጨረሻ አየሁት። ጌጡ መሬት ላይ ሆኖ መታ መታ ያደርጋል። እኔ ክንዱን እንደ ያዝኩ፣ ሕዝቡ ወደሚጮህበት ዞሬ ፈገግ እላለሁ። ፈገግታው የእኔ ነው፤ በመስታወት አውቀዋለሁ። ወዲያው ለጌጡ ደወልኩለት።

"ያን ዕለት 'አልነበርህም' ያልኸኝ እርግጠኛ ሆነህ ነው?" አልኩት።

"እርግጠኛማ አይደለሁም" አለኝ። "አንተ ከመምጣትህ በፊት አባቴ ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ ሲወለውል ነበር ያረፈደው። 'አእምሮው አልነበረም' ብል ይሻላል ብዬ ነው።"